ደሴና ኮምቦልቻ ሰርቨር ላላችሁ፦ በየሰዓቱ የሚጠፋው በመብራት ላይሆን ይችላል

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ወልድያ ሰርቨር (የድርጅቱ ዳታ የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር) አስገብታችሁ በየወሩ እየከፈላችሁ በሪሞት፣ ማለትም ባለሙያው ከሩቅ ሆኖ፣ የምታስጠግኑ ሁሉ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ጅምላ መደብር ይሁን ፋርማሲ፣ ክሊኒክ ይሁን ሆቴል፣ ይመለከታችኋል። ገንዘባችሁን እንዳትበሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

እኔ የምሠራበት ደሴ ያለ የጅምላ መደብር ነው። አንድ ድርጅት ሰርቨር ሸጠልን፣ ዊንዶውስ ሰርቨር ጫነልን፣ የሒሳብና የስቶክ ፕሮግራሙን አስገባልን። ከዚያ በኋላ ባለሙያቸው ደሴን አልረገጠም። ሁሉን ነገር ባለበት ሆኖ ኤኒዴስክ በሚባል፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ በሚያዝዝ ፕሮግራም ይሠራል፤ ለዚህም የወር ክፍያ አለው። መጀመሪያ ሁሉም ሰላም ነበር። ግማሽ ዓመት ገደማ ሲያልፍ ግን ሰርቨሩ በሥራ መሀል ጥፍት ማለት ጀመረ። እናበራዋለን፣ ሰዓት ሲሞላው መልሶ ይጠፋል። ሰኞ ቀን፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ ደንበኛ ደረሰኝ እየጠበቀ!

ስንደውል መልሱ አንድ ነው፦ «አብሽሩ፣ የመብራት ችግር ነው። ቮልቴጁ ወርዶ ነው።» ባለሙያው በኤኒዴስክ ይገባል፣ የሆነ ነገር ይነካካል፣ «ሰፊ ጥገና» ብሎ ከወሩ ክፍያ በላይ ያስከፍላል። ሰርቨሩም ለወራት ደህና ይሆናል። ከዚያ ያው ችግር ይመለሳል።

የመብራት ነው ሲባል ማን አይቀበልም? መብራት በእርግጥም ይሄዳላ። ግን መብራት ሲሄድና ሌላ ነገር ሲያጠፋው ሰርቨሩ የሚመዘግበው ይለያያል። ዊንዶውስ ውስጥ «ኢቬንት ቪወር» የሚባል መዝገብ አለ። እዚያ ገብታችሁ «ሲስተም» የሚለውን ክፈቱ። መብራት በድንገት ከሄደ፣ ሰርቨሩ ተመልሶ ሲነሳ ቁጥር 41 እና 6008 ይጽፋል። ሳይዘጋ ተቋረጠ ማለት ነው። ማሽኑ ደርቆ ቢቆምም 41 ሊጻፍ ስለሚችል፣ ይህን ቁጥር ብቻ አይቶ መብራት ነው ማለት አይቻልም። ቁጥር 1074 ካገኛችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም አዝዞ ዘግቶታል። ያዘዘው ማን እንደሆነም እዚያው ተጽፏል።

የእኛ ላይ በሰዓት ልዩነት ተደርድሮ የተገኘው 1074 ነው። ዘጊው ደግሞ የዊንዶውሱ የራሱ የላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ተቆጣጣሪ፣ «ደብሊው ኤል ኤም ኤስ» የሚባለው። ምክንያቱንም ጽፎታል፦ የላይሰንስ ጊዜው አልፏል።

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርቨርን ለሚሞክር ሰው በነፃ ይሰጣል። ይህ የሙከራ ቅጂ «ኢቫሉዌሽን» ይባላል፤ የሚያገለግለው 180 ቀን ነው። ጊዜው ሲያልፍ ማሽኑ በየሰዓቱ ራሱን ይዘጋል። በአንድ ትእዛዝ ለሌላ 180 ቀን ማራዘም ይቻላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚራዘም ግን ገደብ አለው። የደቂቃዎች ሥራ ነው። እኛ «ሰፊ ጥገና» እየተባልን ስንከፍልበት የኖርነው ይህ ነው። መጀመሪያ ለላይሰንስ ብለን በከፈልነው ገንዘብ ላይሰንስ አልተገዛበትም።

ባለማወቅ ያደረገው ነው ለማለት ይከብደኛል። ትእዛዙን እየሰጠ ቀኑን የሚያራዝም ሰው፣ ለምን እንደሚያራዝም ያውቃል። መጨረሻ ላይ ማራዘሙ አልሠራ ሲል ደግሞ «ሰርቨሩ አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ» ማለት መጣ። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ፣ ትልቁ ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ነው። የላይሰንስ ችግር በአዲስ ማሽን አይፈታም። ትክክለኛ የላይሰንስ ቁልፍ ከተገዛ፣ የሙከራውን ቅጂ ፕሮግራሙም ዳታውም ባለበት ሆኖ ወደ ሙሉው መቀየር ይቻላል። ሰርቨሩ ዶሜይን ኮንትሮለር (የሌሎቹን ኮምፒውተሮች መግቢያና ፓስወርድ የሚቆጣጠር) ከሆነ ብቻ እንዲሁ አይቀየርም፣ መጀመሪያ ከዚያ ሥራ መውረድ አለበት። በማንኛውም ሁኔታ ዳታው ቀድሞ ውጭ ባለ ሀርድ ዲስክ ይቀመጥ። እኛ እዚሁ ደሴ ባለሙያ ጠርተን አስቀየርነው፤ በየሰዓቱ መጥፋቱም ቆመ። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን ለጊዜው የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ግን አሁንም ያስፈልገናል።

የራሳችሁን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ብዙዎቻችን ሰርቨሩን ሒሳብ ክፍል ጥግ አስቀምጠን ስክሪን እንኳ አልሰካንለትም። ከአንዱ ኮምፒውተር ስክሪን ነቅላችሁ ሰኩበት። በቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ «ኢቫሉዌሽን» የሚል ጽሑፍና የቀረው ቀን ከታየ፣ የከፈላችሁበት ላይሰንስ የለም።

አዲስ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ «የሰርቨር ሥራ» ተብሎ በአንድ መስመር የተጻፈ ደረሰኝ አትቀበሉ። ማሽኑ ለብቻ፣ ላይሰንሱ ለብቻ፣ የተከላው ዋጋ ለብቻ ይጻፍ። ባለሙያው ከሩቅ ለመግባት ፖርት 3389 የሚባለውን የሰርቨሩን መግቢያ ለኢንተርኔት ክፍት አድርጎት እንደሆነም ጠይቁ። ክፍት ከሆነ ይዘጋ፣ ዳታ ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች ከሚገቡባቸው በሮች አንዱ ነው።

ውል ያላችሁ ደግሞ የሚቀጥለውን ወር ከመክፈላችሁ በፊት የአድሚን ፓስወርዱን፣ ሰርቨሩን ሙሉ በሙሉ ለማዘዝ የሚያስገባውን፣ ተቀበሉ። እኛ ስንጠይቅ «ለደህንነት ሲባል አንሰጥም» ተብለን ነበር። ሰርቨሩ የእናንተ ነው፤ እንዲህ ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። በወረቀት ሲሰጧችሁ እዚያው ገብታችሁ መሥራቱን አረጋግጡ። ከዚያ ቀይሩት፤ ኤኒዴስኩ ማንም ሳይፈቅድ የሚከፈትበትን ፓስወርድም አብራችሁ ቀይሩ።