ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ለምትሰራው እህታችን ምስጋና፣ ለዓይነ ስውር ተማሪዎችም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ዛሬ የምጽፈው አንዲት በደንብ መመስገን ያለባት ልጅ ስላለች ነው፣ እናንተም ሄዳችሁ ብታገኟት ደስ ይለኛል።

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፣ ሕግ ነው የምማረው። የማነበው በኤንቪዲኤ ነው። ለማታውቁት፣ ኤንቪዲኤ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሁፍ በድምፅ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ በ2006 እ.ኤ.አ አውስትራሊያ ውስጥ ራሳቸው ዓይነ ስውር የሆኑ ልጆች ናቸው የጀመሩት፣ ጆውስ የሚባለውን በገንዘብ የሚሸጥ ተመሳሳይ ፕሮግራም ገዝተን መጠቀም ለማንችል ተማሪዎች ስንት ነገር እንዳቀለለልን እኛ ነን የምናውቀው። አማርኛም ያነባል፣ ድምፁ የማሽን ነው ግን ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል።

ችግሩ ኤንቪዲኤ አማርኛን ማንበብ የሚችለው ጽሁፍ ሆኖ ሲመጣ ነው፣ ፎቶ ላይ ያለ አማርኛ አያነብም። እኛ ጋ ደግሞ በቴሌግራም የሚዞረው ሀንድአውት አብዛኛው በስልክ ተነስቶ ፒዲኤፍ የተደረገ ነው፣ ስከፍተው ጸጥ ይላል። ሌላው ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ፋይል ነው፣ ለሚያይ ሰው ጥርት ያለ አማርኛ ነው፣ ለኔ ግን የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ነው የሚያነብልኝ፣ ምክንያቱም ፋይሉ ውስጥ ያለው እሱ ነው፣ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ ስለሚቀይረው ብቻ ነው። ስለዚህ ጓደኛ እያስቸገርን እያስነበብን ስልክ ላይ እየቀዳን ነው የምንማረው። ያነበባችሁልን ሁሉ እግዜር ይስጣችሁ፣ ግን ከረጅም ቅጂ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ፈልጎ ማግኘት እንዴት እንደሚያደክም ያየው ያውቀዋል።

እና ይቺ ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ታይፕ ነው የምትሰራው። ሀንድአውት ላስጽፍ ሄጄ ስንት ኮፒ ላውጣልህ ስትለኝ ፕሪንት አልፈልግም፣ ወርዱን ፍላሽ ላይ አድርጊልኝ፣ ኮምፒውተሬ ነው የሚያነብልኝ አልኳት። ሌላ ሰው ቢሆን እሺ ብሎ ያልፋል፣ እሷ ግን "እስቲ አሰማኝ" አለችኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ኢርፎኑን ሰጠኋትና ራሷ በቪዥዋል ግዕዝ የጻፈችውን ፋይል ከፈትንላት፣ ትንሽ ሰማችና "ውይ! ይሄን ነው እንዴ ስትሰማ የምትውለው?" አለች። ከዛን ቀን ጀምሮ ለኔ የምትጽፈው ሁሉ በዩኒኮድ ነው፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ራሱ የአማርኛ ፊደል በሚቀመጥበት አጻጻፍ።

ስካን የተደረገውን ደግሞ ጎግል ዶክስ ላይ ጭና ወደ ጽሁፍ ትቀይረዋለች፣ ግን እንዳለ አትሰጠኝም፣ ከዋናው ጋር እያስተያየች ነው የምታርመው፣ ምክንያቱም ማሽኑ ለ እና ሰን ያምታታል፣ ሕግ ላይ ደግሞ አንድ ፊደል ብዙ ነገር ትቀይራለች። ነጋሪት ጋዜጣ ነው ጉዱ፣ ግራው አማርኛ ቀኙ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሁለቱን ዓምድ አቀላቅሎ አንድ መስመር ያደርገዋል። ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ስለሚደረግ ድጋፍ ጽሁፍ ሳዘጋጅ የድሮው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 650/2001 አስፈልጎኝ ነበር፣ አንቀጽ 40 የፈተና ሰዓት ማራዘምን ሁሉ የሚያነሳው (አሁን በ1152/2011 ተተክቷል)፣ አማርኛውን ብቻ ለይታ አውጥታ አንቀጽ በአንቀጽ አድርጋ ሰጠችኝ፣ መጀመሪያ ያነበብኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ ሰው ሳያነብልኝ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ሄዲንግ ነው፣ ኤንቪዲኤ እንደ ማውጫ የሚዘረዝርልኝ የርዕስ ምልክት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ነው የነገርኳት፣ ርዕሱን ቦልድ ማድረግ ለኔ ምንም አይጠቅመኝም፣ ከወርድ ስታይል ውስጥ ሄዲንግ ብለሽ ምረጪልኝ ብዬ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 ቁጥር ነው ያለው፣ እሷ ከ1675 የሚጀምረውን የውል ክፍል ስትሰራልኝ እያንዳንዱን ቁጥር ሄዲንግ አደረገችው፣ አሁን ክፍል ውስጥ መምህሩ 1678 ሲል ኢንሰርትና ኤፍ 7 እጫናለሁ፣ ዝርዝሩ ይመጣል፣ 1678 ብዬ ኢንተር፣ አለቀ። ከጎኔ ያለው ልጅ መጽሐፉን ገልጦ ሳይጨርስ እደርሳለሁ። የዋናውን ገጽ ቁጥርም ትጽፍልኛለች፣ ገጽ ይሄን አውጡ ሲባል እንዳልጠፋ። ሠንጠረዥ ካለ በዓረፍተ ነገር ትዘረዝረዋለች። ዋጋው ደግሞ ለማንም ሰው በገጽ የምታስከፍለው ነው፣ ማረሚያ ብላ የጨመረችብኝ ነገር የለም፣ ይሄ እንኳን ትክክል አይደለም ጨምሪ ብያት እምቢ ብላኛለች።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ዓይነ ስውር መሆናችሁን ብቻ ሳይሆን በምን እንደምታነቡ ንገሯት፣ ኤንቪዲኤም ይሁን ጆውስ ወይም አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚያነበው ቶክባክ። ፎቶ ከሆነ የምትልኩት ገጹ ሳይታጠፍ ብርሃን ላይ የተነሳ ይሁን፣ የሚያይ ጓደኛ አስነሱ። ፈተና ሳምንት ላይ አትሂዱባት እባካችሁ፣ ያኔ ሰልፉ በር ድረስ ነው፣ ቀደም ብላችሁ ስጧት። መምህራን ካላችሁም እዚህ፣ ሀንድአውቱን የጻፋችሁበት ወርድ እጃችሁ ላይ ካለ እሱኑ ላኩልን፣ ፕሪንት ተደርጎ ፎቶ ከተነሳ በኋላ መልሶ ጽሁፍ ለማድረግ የምትደክመው እሷ ናት።

እህቴ፣ ይሄን ሰው እንደሚያነብልሽ አውቃለሁ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለነገረችኝ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ቤቱን እነግራችኋለሁ፣ ቅዳሜም እስከ ከሰዓት አለች።