የሳይክል ስፖኪዮ፦ ባህር ዳር ላይ ስነዳበት ያየሁት

ባህር ዳር ላይ ሳይክል የሚነዳ ሰው ሰምቶ የጠገበው ነገር ቢኖር «ዳር ያዝ!» ነው። የባጃጅ ሾፌሩም ይላል፣ የሚኒባስ ረዳቱም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይላል። ዳሩ ላይ ግን አሸዋ አለ፣ የቆመ መኪና አለ፣ ዞር ብሎ ሳያይ በሩን በርግዶ የሚወርድ ተሳፋሪ አለ። እኔ ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብዬ፣ ሳልወላወል ቀጥ ብዬ ነው የምነዳው። ከኋላ ምን እንደሚመጣ ሳያዩ እንዲህ መንዳት ግን ልብ ይጠይቃል። ስፖኪዮውን የገዛሁት ለዚህ ነው።

ክብ ናት፣ የቡና ማቶት የምታህል፣ መሪው ላይ በብሎን የምትታሰር። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ቦታዋ ግራ ነው። ሻጩ በቀኝ ሊያስርልኝ ነበር፤ በቀኝ ከታሰረች የምታሳያችሁ አጥር ብቻ ነው።

በ2016 የተመረቀው 380 ሜትሩ የአባይ ድልድይ ላይ ለሳይክል የራሱ መስመር ስላለ ብዙም አታስፈልግም። ጣጣው ከድልድዩ ወርዳችሁ ከመኪናው ጋር ስትቀላቀሉ ነው። ከኋላ ክላክስ ሲጮህ ድሮ ደንግጬ ወደ ዳር እገባ ነበር። አሁን በመጀመሪያ መስታወቷን አያለሁ። በግራዬ ሰፊ ቦታ ካለ ክላክሱን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ መስመሬን እይዛለሁ፣ ይለፍ። መንገዱ ጠቦ ከባድ መኪና ከሆነ ደግሞ እስኪሰፋ መሀሉን እይዝና ከዚያ ገለል ብዬ በእጄ እለፍ እለዋለሁ፤ እጅ ሲነሳለት የሚበርድ ሾፌር ብዛቱ ይገርማችኋል። አደባባይ ከመግባቴ በፊትም እንዲሁ መሀል እይዛለሁ፣ አለበለዚያ ለመውጣት የሚቸኩለው ሁሉ ፊቴ ይታጠፋል። ባጃጅ ግን ሌላ ነው። ሾፌሩ ዓይኑን እግረኛው ላይ ጥሎ ሲቀርብ ካያችሁት ፍሬን ያዙ፣ «ወራጅ አለ» ከተባለ ወይ ተሳፋሪ እጁን ካነሳ አልፏችሁ ወዲያው ወደ ቀኝ መግባቱ አይቀርም።

እንከኗስ? መስታወቱ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ሰፊ ያሳያል፣ ግን ቅርብ ያለውን መኪና ሩቅ ያስመስላል። ወደ ግራ ከመታጠፋችሁ በፊት በትከሻችሁ ዞር ብላችሁ ማየት ግድ ነው። ማታ የመኪና መብራት ይገባባትና ዓይን ታጠፋለች። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ብሎኑ ይላላና መስታወቷ ሰማይ ሰማይ ማየት ትጀምራለች፤ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ትንሽ ቁራጭ ቆርጬ በማሰሪያውና በመሪው መሀል ካደረግሁ ወዲህ አልተነቃነቀችም።

ስትገዙ ክንዷ ብረት የሆነውን ምረጡ። ፕላስቲኩ ሳይክሉ አንዴ ከወደቀ ያበቃለታል።