ኪሞኖና ራሽጋርድ፦ ከወራት ልምምድና እጥበት በኋላ

ብራዚላዊ ጁጂትሱ የሚባለውን የትግል ስፖርት የሚለማመድ ሰው ዘንድ ሁለት ዓይነት ልብስ አይጠፋም። አንደኛው ከጥጥ የተሸመነ ወፍራም ጃኬት ከነሱሪውና ከነቀበቶው ሲሆን ብራዚላውያን አሰልጣኞቻችን ኪሞኖ ይሉታል። ሁለተኛው ያለ ኪሞኖ ለሚደረገው ትግል የሚለበሰው ገላ ላይ የሚጣበቅ ራሽጋርድና ቁምጣው ነው። እኔ አቡ ዳቢ ውስጥ በአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ፈረቃዬ በፈቀደልኝ መጠን ሁለቱንም ስለማመድ ቆይቻለሁ። ኪሞኖውን በ320 ድርሃም፣ ራሽጋርዱን በ110፣ ቁምጣውን በ90 ገዛሁ። ሦስቱም ከውድ ምርቶች ተርታ የሚሰለፉ አይደሉም። ልምምድ ሊጀምሩ ያሰቡ የአገር ልጆች የትኛውን አስቀድመው እንደሚገዙ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ መልሱን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

በኪሞኖው ልጀምር። የተሰፋው የስፖርት ዕቃ በማምረት በታወቀችው የፓኪስታን ከተማ በሲያልኮት ነው። ጨርቁ ፐርል ዊቭ የሚባለው አሸማመን ያለው፣ ላዩ በጥቃቅን እብጠቶች የተሞላ፣ ውስጡ ለስለስ ያለ ነው። ክብደቱ በካሬ ሜትር 450 ግራም እንደሆነ መለያው ላይ ተጽፏል። ቀድሞ ታጥቦ ስለተኮማተረ ከእንግዲህ አያጥርም የሚልም እዚያው ሰፍሯል። ጥጥ ግን የተጻፈበትን አያነብም። ስገዛው እጅጌው መዳፌን ይነካ ነበር፤ ዛሬ የእጅ አንጓዬ አጥንት ላይ ቆሟል። ያውም ከቀዝቃዛ ውሃ በቀር ሌላ ሳላሳየው ነው። የዓለም አቀፉ የብራዚላዊ ጁጂትሱ ፌዴሬሽን የውድድር ደንብ፣ ክንድ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ የእጅጌው ጫፍ ከአንጓ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ያዛል። ለሱሪውና ለቁርጭምጭሚትም ልኩ ያው ነው። ስለዚህ መወዳደር የሚያምረው ሰው ሱቅ ውስጥ ልክክ ያለለትን ትቶ ትንሽ የሚተርፈውን ቢወስድ ይሻለዋል። አብሮን የሚለማመድ አንድ ወጣት ኪሞኖውን በሙቅ ማድረቂያ ማሽን አዙሮት እጅጌው ወደ ክርኑ ተሰበሰበ። አሁን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶታል።

ስለ ጥንካሬው ቅሬታ የለኝም። ይህ ልብስ ሰው እንዲጎትተው፣ እንዲጠመዝዘውና እንዲንጠለጠልበት ታስቦ የተሠራ ነው። ካኖ ጂጎሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት መሥርተው ጁዶን ሲያስተምሩ፣ ቆይቶም ተማሪያቸው የነበረው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል ደርሶ ትምህርቱን ብራዚላዊ ጁጂትሱን ላሳደገው የግሬሲ ቤተሰብ ሲያስተላልፍ፣ ጨዋታው ሁሉ የቆመው ኮሌታና እጅጌ በመጨበጥ ላይ ነበር። የእኔን ኪሞኖ ገልብጦ ላየው ይህ አመጣጥ በስፌቱ ይታወቃል። ብብቱ ሥር ሌላ ቁራጭ ጨርቅ ተደርቧል፤ ጃኬቱ በጎንና በጎን የተሰነጠቀበት ጫፍ በአራት ማዕዘን ማጠናከሪያ ተይዟል፤ ኮሌታው ላይ ደግሞ የስፌት መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከእነዚህ አንዱም እስካሁን አልተፈታም። የሳሳው የግራ እጅጌው አፍ ነው። ብዙ ሰው ቀኝ እጁን ስለሚቀናው ተጋጣሚ ሁሉ የሚጨብጠው የእኔን ግራ ነው። ጠርዙ ነትቦ ነጫጭ ክር ማውጣት ጀምሯል። ክሩን መጎተት ቀዳዳውን ማስፋት ስለሆነ በመቀስ ከሥሩ እቆርጠዋለሁ።

ሱሪው በጥንካሬ ከጃኬቱ ያንሳል። ጨርቁ ሪፕስቶፕ ነው፤ በየመካከሉ ወፈር ያለ ክር በካሬ በካሬ ስለገባበት ቀዳዳ ቢፈጠርም ተተርትሮ አይሄድም። የቀኝ ጉልበቱ ግን ሳስቶ ብርሃን ያሳያል። ከሁሉም ያማረረኝ ወገቡ ላይ ያለው ማሰሪያ ነው። ጠፍጣፋ የጥጥ ጥብጣብ ስለሆነ ላብ ሲነካው ይላላል፤ ትግሉ በጦፈበት ሰዓት ተጋጣሚዬን በእግሬ ይዤ ሱሪዬን በእጄ መጠበቅ ግድ ይሆንብኛል። አውጥቼ ጣልኩትና ድቡልቡል የሚለጠጥ ገመድ አስገባሁበት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው። አምራቾች ኮሌታው ላይ ለሚለጥፉት ጌጥ ከሚያወጡት ጥቂቱን ለገመዱ ቢያውሉት ምን ነበረበት?

አሁን ሻጭ ወደማይነግራችሁ ጉዳይ ልምጣ፤ እሱም ማድረቅ ነው። እኔ የምኖረው እንደ ብዙዎቻችን አንዱን ክፍል ለብዙ ተካፍለን ነው። በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት የከተማዋን መልክ ያበላሻል ተብሎ ያስቀጣል። በሙቀቱ ወራት ውጭው ወበቅ ስለሆነ መስኮት መክፈት ራሱ እርጥበት መጋበዝ ነው። እንግዲህ ከማጠቢያ ማሽን የወጣ ኪሞኖ ማለት ዝናብ የመታው ጋቢ ማለት ነው፤ መሸከሙም ማንጠልጠሉም ሥራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በሩ ላይ ሰቅዬው፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ በጨለማ ተላተሙበት። "አንተ ልጅ፣ ይኼ ሰውዬ ደግሞ ኪራይ ይከፍላል?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሚታጠፍ ማስጫ ገዝቼ ከአየር ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት አቆምኩ፤ ከሥሩም ትንሽ ማራገቢያ አኖርኩ። እንዲህም ሆኖ ጃኬቱ ማታ ታጥቦ ጠዋት ላይ አካሉ ሲደርቅ ኮሌታው አይደርቅም። ውስጡ ስፖንጅ መሰል መሙያ ስላለ ላዩን ስትነኩት የደረቀ ይመስላል፤ በሁለት ጣት ጨምቃችሁ ስትይዙት ቅዝቃዜው ይሰማል። መጥፎው ጠረን የሚጀምረው ከዚያው ነው። አንድ ቡና ስኒ አቼቶ ጨምሬ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ ማጠቡ ጠቅሞኛል። ጠረኑ ግን ፈጽሞ ጠፋ ብል ዋሸሁ።

እርጥብ ልብስ ለብሶ ወደ ልምምድ መሄድ ደግሞ የራስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጭርት በዚህ ስፖርት ዘንድ የታወቀ እንግዳ ነው፤ ከገላ ወደ ገላ፣ ከምንጣፍ ወደ ገላ፣ ካልታጠበ ልብስም ይሻገራል። አሰልጣኛችን በር ላይ ቆመው ልብስ የሚያሸቱት ለቀልድ አይደለም። አንድ ኪሞኖ ብቻ ያለው ሰው በተከታታይ ቀናት በኪሞኖ መለማመድ አይችልም። 320 ድርሃም ብዬ የጻፍኩት ዋጋ በተግባር የሁለት ኪሞኖ ዋጋ ተደርጎ መታሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

ራሽጋርዱ በዚህ በኩል ጌታ ነው። ፖሊስተር 85 በመቶ፣ የሚለጠጠው ስፓንዴክስ 15 በመቶ። በእጄ አጥቤ፣ ጨምቄ፣ በመስቀያ ላይ ባንጠለጥለው ሻይ ፈልቶ ተጠጥቶ ብዙም ሳይቆይ ይደርቃል። ሥዕሉ ክሩ ውስጥ በሙቀት የገባ ቀለም ስለሆነ አልተላጠም፤ ጥቁሩ ጥቁር እንደሆነ ነው። ስፌቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ብብት አይፈትግም። ሆኖም ችግሮች አሉበት። ወገቡ ላይ ወደ ላይ እንዳይሸሽ ተብሎ የተለጠፈው የሲሊኮን ጥብጣብ በአንድ በኩል ተገንጥሎ ምላስ አውጥቷል። አንገቱ ላልቷል። ትከሻው ላይ ደግሞ ድብልብል ያሉ የክር ፍሬዎች አብቅሏል፤ ከኪሞኖው ሥር ስለምለብሰው ያ ሸካራ ኮሌታ እየፈተገው ነው። ቁምጣውን የሚዘጋው የሚጣበቅ ቬልክሮም ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ካገኘው ሆዱን ይቦጫጭረዋል። ቁምጣውን ዘግቶ፣ ገልብጦ ማጠብ መፍትሔ ነው። ሰው ሠራሽ ክር ላብን ቶሎ ቢለቅም ሽታን አይለቅም፤ የጨርቅ ማለስለሻ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፣ መለጠጡንም ይገድላል። ሲገዙ ሌላው መታየት ያለበት ነገር ቁምጣው ኪስና ዚፕ የሌለው መሆኑ ነው። የሰው ጣት ኪስ ውስጥ ገብቶ ሲጠመዘዝ አይቻለሁ፤ ድጋሚ ማየት አልፈልግም።

ልብሱ ጨዋታውንም ይለውጠዋል። ኪሞኖ ሲኖር ሁሉም ነገር ይዘገያል። ከእኔ በብዙ የሚከብድ ሰው እንኳ እጅጌውንና ኮሌታውን ከያዝኩት ለማሰብ ጊዜ አገኛለሁ፤ በገዛ ኮሌታው ላንቀውም እችላለሁ። እሱም እንዲሁ፣ አንገቴ ላይ የቀረው ቀይ ሰንበር ምስክር ነው። ያለ ኪሞኖ የጨበጡት ሁሉ በላብ ያመልጣል። ብብት ሥር መግባት፣ ጭንቅላትን መቆጣጠር፣ ወገብ ማቀፍ ያስፈልጋል። እግር መቆለፍም እዚህ ይበረታል። ተረከዝ ጠምዝዞ ጉልበትን የሚያስጨንቀው ቁልፍ በፌዴሬሽኑ ውድድሮች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የተፈቀደው ያለ ኪሞኖ ለሚጋጠሙ ቡናማና ጥቁር ቀበቶ አዋቂዎች ብቻ ነው። ለጀማሪ ሰው ጉልበቴን ለማን አምኜ ልስጥ የሚለው ጥያቄ ከልብሱ ምርጫ ይቀድማል።

ለእኔ የባሰው ጣቶቼ ናቸው። ጨርቅ ጨብጦ መታገል የጣት መጋጠሚያዎችን ያሳብጣል። ከኪሞኖ ልምምድ ማግስት የእንግዳ ስም በኮምፒውተር ስጽፍ የመሐል ጣቴ አልታጠፍ ይለኛል፤ በነጭ ፕላስተር መጠቅለል ጥቂት ይረዳል። ያለ ኪሞኖ ጣቴ ደኅና ነው፤ ክርኔና ጉልበቴ ግን ምንጣፉ ላይ ይላጣሉ። ረጅም እጅጌ ያለውን ራሽጋርድ የመረጥኩበት ምክንያት ይህ ነው።

አቡ ዳቢ ውስጥ ሁለቱንም ማግኘት ቀላል ነው። ያለ ኪሞኖ የሚደረገው ታላቁ የኤዲሲሲ (የአቡ ዳቢ ኮምባት ክለብ) ውድድር እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው በዚህችው ከተማ፣ በሼክ ታህኑን ቢን ዛይድ አነሳሽነት ነው። በሌላ በኩል ጁጂትሱ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በትምህርት ቤቶች መሰጠት ስለጀመረ፣ ኪሞኖ በቦርሳው ያጨቀ ሕፃን አውቶቡስ ላይ ማየት እዚህ አያስደንቅም። ሱቆቹም ስለዚህ ሁለቱንም በሽበሽ ይዘዋል። ቀለም ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ፤ የፌዴሬሽኑ ውድድር ነጭ፣ ሰማያዊና ጥቁር ኪሞኖ ብቻ ይቀበላል። ያ የሚያምረው አረንጓዴ ለልምምድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጀማሪ ሆኖ፣ የጋራ ክፍል ውስጥ እየኖረ፣ ደመወዙ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ሰው ቢጠይቀኝ ራሽጋርድና ቁምጣ ግዛ እለዋለሁ። በ200 ድርሃም ማታ አጥቦ ጠዋት መልበስ ይችላል። የራሱ በረንዳ ወይም ግቢ ያለው፣ ፀሐይ የሚያገኝ ሰው ከሆነ ግን፣ አገር ቤት ላሉትም ጭምር፣ ኪሞኖው ይቅደም። ለአንድ ድርሃም የሚሰጠው ዕድሜ ይበልጣል፤ ትዕግሥት የሚያስተምረው ጨዋታም የእሱ ነው። ይህ የእኔ አድልዎ መሆኑን አልክድም።

እኔ በሚቀጥለው ደመወዝ ሁለተኛ ኪሞኖ እገዛለሁ፤ በዚህ ጊዜ በካሬ ሜትር 350 ግራም የሆነውን ቀላሉን፣ ቶሎ እንዲደርቅልኝ። ራሽጋርዱን እዚያው ሱቅ ደግሜ አልገዛም፤ ሲሊኮኑ ተገነጠለ ብዬ ስመልስላቸው ደረሰኙ ጊዜው አልፎበታል ብለው ሸኙኝ። የሱሪውን የቀኝ ጉልበት ሰፈራችን ውስጥ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ከአሮጌ ጂንስ ቁራጭ ቆርጦ ከውስጥ በኩል ደረበልኝ። 15 ድርሃም ወሰደ፤ ከፋብሪካው ስፌት ይጠብቃል።