«በ30 ቀን እንከፍላለን» ለሚል ትልቅ ድርጅት ዕቃ ከማስረከባችሁ በፊት

ትንሽ ስፌት ቤት፣ ማተሚያ ቤት ወይም የጽዳት ዕቃ አቅርቦት ያላችሁ ሰዎች ይቺን አንብቡ። የድርጅቱን ስም አልጽፍም፤ ብትሰሙት ግን «እነሱማ ይከፍላሉ» ትሉ ነበር። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሥራው 400 የሥራ ቱታ ነበር፤ አንዱ 1,500 ብር፣ ከቫት ጋር በድምሩ 690,000። ቅድሚያ ክፍያ ስጠይቅ የግዢ ክፍሉ ልጅ «የባንክ ዋስትና ታመጫለሽ?» አለኝ። ባንክ የሚቀበለው መያዣ ቢኖረኝማ ቅድሚያውን ለምን እለምናለሁ? ዕጣ ለደረሳት ጎረቤቴ ከላይ ጨምሬ እቁቧን ገዛሁና ጨርቁን ከመርካቶ አወጣሁ።

ግንቦት 5 ቀን 2016 አስረከብኩ። ደረሰኝ ካልተቆረጠ ክፍያ አይዘጋጅም ስለተባልኩ በዕለቱ ቆረጥኩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ደረሰኙ ከተቆረጠ ገቢዎች ቫቱን የሚጠብቀው በሚቀጥለው ወር ነው። ገዢው ይክፈል አይክፈል ጉዳዩ አይደለም። በጨርቁ ላይ የከፈልኩት ተቀናንሶ፣ የቀረውን ቫት ሰኔ ላይ ከኪሴ ከፈልኩ። ያልተቀበልኩትን ብር ግብር!

ዋናው ወጥመድ ግን ውሉ ውስጥ ነበር። ስፈርም ዓይኔ ያረፈው 30 የምትለዋ ቁጥር ላይ ብቻ ነው። ሙሉው አንቀጽ «የተሟላ ኢንቮይስ ፋይናንስ መምሪያ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ» ይላል። «የተሟላ» የምትለዋ ቃል ስንት እንዳስከፈለችኝ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ኢንቮይሱ (የክፍያ መጠየቂያው) የግዢ ትዕዛዙ ቁጥር አልተጻፈበትም ተብሎ ተመለሰ። ቀጥሎ የጥራት ክፍሉ ፊርማ የለውም ተባለ፤ ፈራሚው ፈቃድ ላይ ነው። በተመለሰ ቁጥር ቆጠራው ከ1 ይጀምራል፤ መመለሱን ደግሞ ማንም ደውሎ አይነግርሽም፣ ሄደሽ ስትጠይቂ ነው የምትሰሚው። ይህን ሳሟላ ሰኔ 30 ደረሰ፤ «ሒሳብ እየዘጋን ነው፣ ከንብረት ቆጠራ በኋላ ነይ»። ከቆጠራ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ውጭ አገር ናቸው።

በዚህ መሀል ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ቼኬ እስኪወጣ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ጨርቁ እጥፍ አልሆነም፤ ግን የእኔ ዋጋ የግንቦት ዋጋ ነው፣ የምገዛው በጥቅምት ገበያ ነው።

ቼኩ የወጣው ጥቅምት 14 ነው። 164ኛው ቀን። ከቫት በፊት ካለው ዋጋ 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ለገቢዎች ቀድሞ የሚያስቀረው ግብር) ተቀንሶ 678,000 ብር። ሠራተኛና የእቁቡን ጭማሪ ከፍዬ ስጨርስ ትርፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

ክሰሺ ያሉኝ አሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1751 የሕግ ወለዱን በዓመት 9 በመቶ ያደርገዋል፤ ባለዕዳው እንዲከፍል አስቀድሞ ማስጠንቀቅም በአብዛኛው ያስፈልጋል። አስልቼዋለሁ፤ ከግንቦት 5 አንስቶ 30 ቀን ብንሰጣቸው፣ ለዘገየው 134 ቀን 22,400 ብር ገደማ ይመጣል። ለጠበቃ ስንት ልከፍል? ደግሞ ባንክ ለእነሱም ቢሆን በ9 በመቶ አያበድርም፤ ከእኔ መበደር ይረክሳቸዋል።

«ትልቅ ድርጅት ነው፣ ብሩ የት ይሄዳል?» ለምትሉም፦ የእንግሊዙ ተቋራጭ ካሪሊየን አቅራቢዎችን በወቅቱ ለመክፈል ቃል የተገባበትን ሰነድ ፈርሞ እያለ፣ የክፍያ ጊዜውን እስከ 120 ቀን አስረዝሞ ነበር። ጥር 2018 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ ገንዘባቸው የቀረባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ አቅራቢዎች ናቸው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ቼክ በሚወጣበት ቀን የድርጅቱ በር ላይ ሂዱና ወረፋ የያዙትን አቅራቢዎች ጠይቁ፤ በ10 ደቂቃ ሁሉን ይነግሯችኋል። ቀኑ ከርክክብ እንዲቆጠር፣ ኢንቮይስ ጉድለት ካለውም በ3 ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቁ በውሉ አስገቡ። ኢንቮይስ ስትሰጡ ቅጂው ላይ ቀንና ማህተም ሳታስደርጉ ከቢሮው አትውጡ። እኔ ያላደረግኩት ይህን ነው፤ «መቼ ሰጠሽን?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም።

ባለፈው ሳምንት እነዚሁ ሰዎች ለ250 ቱታ ፐርፎርማ ጠይቀውኛል። ግማሹ ቅድሚያ፣ ቀሪው በርክክብ ቀን ብዬ ላክሁ። እስካሁን አልደወሉም።