ሲቪላይዜሽን 6 ወይስ 7?

ሲቪላይዜሽን አንድ ሥልጣኔ መርጠህ ከጥንት ጀምረህ የምትገነባበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ስድስተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ፣ ሰባተኛው በ2025። ክርክሩ ግን አሁንም አልበረደም።

ዋጋ፦ 7 ሲወጣ 70 ዶላር ገደማ ነበር። 6 ብዙ ጊዜ በቅናሽ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ደከም ላለ ላፕቶፕም የሚሻለው እሱ ነው፤ በስልክ እንኳ ይሠራል።

ቅለት፦ በ6ኛው ጨዋታ ሠራተኛ ገዝተህ እርሻውንም ማዕድኑንም አንድ በአንድ ታሠራለህ። ካርታው ሲሰፋ ያታክታል። 7ኛው ግን ሠራተኛ የሚባል ነገር የለውም፤ ከተማው ሲያድግ ቦታውን መርጠህ ትጫናለህ፣ አለቀ። ጦርህንም በአንድ አዛዥ ሥር ጠቅልለህ ትወስደዋለህ። ይሄ በእውነት ግልግል ነው!

ዋናው ጭቅጭቅ ሥልጣኔ መቀየሩ ላይ ነው። በ6 ምኒልክን ይዘህ ከጀመርክ እስከ መጨረሻው ኢትዮጵያ ነህ። ኮረብታ ላይ ትከትማለህ፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ትሠራለህ፣ ጦርህም ኮረብታ ላይ ሲዋጋ 4 ነጥብ ይጨመርለታል። በ7 አክሱም አለች፣ ሐውልቷም አለ፤ ግን ጨዋታው በሦስት ዘመን ተከፍሎ ሲወጣ፣ የመጀመሪያው ሲያልቅ ሌላ ሥልጣኔ መምረጥ ግድ ነበር። መሪህ ብቻ ይቀጥል ነበር። ደጋፊዎቹ "መሃል ላይ የሚመጣውን መሰልቸት ይሰብራል" ይላሉ። እኔ ግን አክሱምን ጥሎ መሄድ አልዋጥ ብሎኛል።

ምኒልክን ለሚፈልግ፣ ኪሱ ለሳሳ፣ ረጅም ታሪክ ለሚወድ 6። 6ን ለጠገበና ጨዋታ ጀምሮ ለማይጨርስ 7፣ እሱንም ቅናሽ ሲመጣ።