የታደሰች ዲኖ ወይስ ያልተነካች ዲኖ? ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ፌራሪ የሠራት የድሮዋ የስፖርት መኪና፣ ዲኖ 246 ጂቲ፣ ሁለት ሆና ጎን ለጎን ቆማለች እንበል። አንደኛዋ በቅርቡ ታድሳ የወጣች ናት። ቀለሟ ፊት ያሳያል። የሁለተኛዋ ቀለም ደብዝዟል፣ የወንበሯ ቆዳም ተሰነጣጥቋል። ግን ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ በማን በማን እጅ እንዳለፈች የሚያሳይ ወፍራም ፋይል አላት። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው።

እኔ ብሆን ሁለተኛዋን ነው የምገዛው። ለሁሉም ሰው ግን አልመክርም።

ዲኖ 246 የተሠራችው ከ1969 እስከ 1974 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስሟ የፌራሪ መሥራች የኤንዞ ፌራሪ ልጅ የአልፍሬዶ የቁልምጫ ስም ነው። ልጁ በ1956 ገና በ24 ዓመቱ ነው የሞተው። ንድፏ የመኪና ነዳፊው ድርጅት የፒኒንፋሪና ነው፤ አካሏን የሠራው ጣሊያን ሞዴና ከተማ የሚገኘው የስካሊዬቲ ፋብሪካ ነው። ባለ 2.4 ሊትር ቪ6 ሞተሯ ከመቀመጫው ኋላ አግድም ተቀምጧል። ከፋብሪካ ስትወጣ የፌራሪ ፈረስ አልነበረባትም። አፍንጫዋ ላይ ያለው ዲኖ የሚል ቢጫ አርማ ብቻ ነበር። ፈረሱን ካያችሁ በኋላ የተጨመረ ነው። ነውር የለውም፤ ግን ሌላስ ምን ተጨመረ ብሎ መጠየቅ ደግ ነው።

ከሷ በፊት የነበረችው 206 ጂቲ አካሏ አሉሚኒየም ነበር። 246 ግን የብረት ላሜራ ናት። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የዚያ ዘመን የጣሊያን ላሜራ ዝገት አይችልም።

ስለዚህ የታደሰችዋን ስታዩ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ የዛገው ላሜራ ተቆርጦ ተቀየረ ወይስ ስቱኮ ተሞላበት? ቀለም ከተቀባ በኋላ በዓይን መለየት ይከብዳል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሉና የኋላ ጎማውን ቅስት ዙሪያ፣ ከዚያም ከበሩ ሥር ያለውን ደፍ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ማግኔቱ እየጎተተ መጥቶ ድንገት ከላላ ከሥሩ ስቱኮ አለ። እጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ከሆነ ዋጋ ላይ ተደራደሩ። ደፉ ሙሉ ከሆነ ትታችሁ ሂዱ።

ጥሩ እድሳት ፎቶ አለው። ቀለሙ ተልጦ፣ ላሜራው ራቁቱን ሆኖ፣ ብየዳው ሲሠራ የተነሳ ፎቶ ማለቴ ነው። ሻጩ ያለቀላትን መኪና ፎቶ ብቻ የሚያሳያችሁ ከሆነ እድሳቱን እንዳላያችሁ ቁጠሩት። የመጀመሪያ ቀለሟንም ጠይቁ። ከፋብሪካ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆና ወጥታ ኋላ ቀይ የተቀባች ብዙ ናት። ለመንዳት ለውጥ የለውም፣ ስትሸጧት ግን ይቆጠርባችኋል።

ያልተነካችዋ ጋ ስንመጣ ችግሩ ከሞተሩ ነው። ለዓመታት የቆመ መኪና ጎማና ማሸጊያው ይደርቃል፣ የነዳጅ ታንከሩ ከውስጥ ይዝጋል፣ ሦስቱ የዌበር ካርቡራተሮች በደረቀ ቤንዚን ይደፈናሉ። ሻጩ «ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው» ካላችሁ አትቸኩሉ። የሚያውቅ መካኒክ ሞተሩን በእጅ አዙሮ ሳያይ ቁልፍ አይዞርም።

ደግሞ አቧራው አያታልላችሁ። በ2015 ፓሪስ ላይ የፈረንሳዩ ባዮን ቤተሰብ ከያዘው የድሮ መኪኖች ስብስብ የወጣች ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ስፓይደር ከነአቧራዋ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጣለች። ጋራዥ ውስጥ የመጽሔት ክምር ተጭኖባት ነው የተገኘችው፤ በአንድ ወቅት የተዋናይ አላን ደሎን ነበረች። በ2017 ጃፓን ውስጥ 40 ዓመት ገደማ ተኝታ የቆየች ባለ አሉሚኒየም አካል ፌራሪ ዴይቶና፣ ጣሊያን ማራኔሎ ከተማ በተደረገ ጨረታ ላይ ከ1.8 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣች። ሁለቱም ብርቅ ናቸው። ዲኖ 246 ግን ከ3,500 በላይ ተሠርታለች። ለአቧራ ተጨማሪ አትክፈሉ።

የምትከፍሉት ለፋይሉ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር ይግጠም። የሞተሩና የካምቢዮው ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ይመሳከር፤ ፌራሪ ክላሲኬ የሚባለው የኩባንያው ክፍል ይህን አጣርቶ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የድሮ የቦሎ ምርመራ ወረቀቶች ካሉ የተነዳችውን ርቀት በየዓመቱ ተከታተሉ። ቁጥሩ በመሀል ወደ ኋላ ከሄደ ቆጣሪው ተነክቷል።

ታሪኳ ንጹሕ መሆን የለበትም፤ መታወቅ ግን አለበት። በ1978 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ግቢ ሲቆፈር አረንጓዴ ዲኖ ጂቲኤስ (ጣሪያዋ የሚነሳው ዓይነት) ከመሬት ሥር ወጣች። በ1974 ተሰረቀች ተብላ ኢንሹራንስ የተከፈለባት ናት። የቀበሯት ሰዎች አፈር እንዳይገባ ጭስ ማውጫዋን ሳይቀር በፎጣ ወትፈውት ነበር። በኋላ ታድሳ መንገድ ላይ ወጥታለች። ይህን ሁሉ ያየች መኪና ዛሬም ገዢ አታጣም፤ ምክንያቱም የሆነችው ሁሉ ተመዝግቧል።

በየሳምንቱ መጨረሻ ልትነዷት ካሰባችሁና ለጋራዥ የምታስቀምጡት ገንዘብ ከሌላችሁ፣ ፎቶና ደረሰኝ ያላትን የታደሰች ግዙ። ሁለት ሦስት ዓመት መታገስ የምትችሉ ከሆነና ዲኖን የሚያውቅ ባለሙያ አጠገባችሁ ካለ ያልተነካችዋን ውሰዱ። ፎቶ የሌላት የምታብረቀርቅ መኪና ግን በርካሽም ብትሆን ትቅርባችሁ።