ርዕሴን ላስጠበቡኝ «እትዬ» የቀረበ ምስጋና፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ለጀመራችሁም ጥቆማ

በሥራ አመራር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በማታው መርሐ ግብር የምከታተል ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ሦስት ጊዜ ተመልሶብኝ ትምህርቱን ለማቋረጥ ዳር ላይ በደረስኩበት ሰዓት፣ አራት ኪሎ አካባቢ በልጃቸው የኮምፒውተር ጽሕፈትና ጥረዛ ቤት ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ ይዘው ተማሪዎችን የሚያማክሩ ጡረተኛ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አገኘሁ። ባለፈው ሳምንት ፕሮፖዛሌ ስለጸደቀልኝ፣ እኔ ያገኘሁትን እገዛ ሌላውም እንዲያገኘው በማሰብ ይህን ጽፌያለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀዱልኝ፣ እዚያ ቤት የሚመላለስ ተማሪ ሁሉ እንደሚጠራቸው «እትዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ያቀረብኩት ርዕስ «የዲጂታል ክፍያ በኢትዮጵያ ንግድ ላይ ያለው ተጽእኖ» የሚል ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሻይ ቤት እስከ ጫማ ጠራጊ ድረስ ክፍያ በስልክ ሲፈጸም በየቀኑ ስለማይ፣ ከዚህ የበለጠ ወቅታዊ ጉዳይ አይገኝም ብዬ ነበር። አማካሪዬ በወረቀቱ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሰፊ ነው» ብሎ መለሰልኝ። «በኢትዮጵያ» የሚለውን «በአዲስ አበባ» አድርጌ ባቀርበው ያው ሁለት ቃል ተመልሶ መጣ፤ ሦስተኛ ጊዜ «በአነስተኛና ጥቃቅን ተቋማት ላይ» የሚል ብጨምርበት «አሁንም ሰፊ ነው» ተብሎ አንድ ቃል ተጨመረልኝ። በአማካሪዬ አልፈርድም፤ ትክክል ነበር። ነገር ግን ሰፊ መሆኑን ማወቅና እንዴት እንደሚጠብ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግሩ የወጣ ሰው በየመብራት ምሰሶው ላይ «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን» የሚሉ ወረቀቶችን ሳያይ አይቀርም። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ያለውን ቁጥር ደወልኩ። ያነሣው ሰው ስለ ርዕሴ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ «የምታስረክበው መቼ ነው?» አለኝና፣ አምስቱንም ምዕራፍ ጨርሶ ለመስጠት 25 ሺህ ብር እንደሚፈልግ፣ ቀድሞ ከተዘጋጁት ርዕሶች ከመረጥኩ ደግሞ ቅናሽ እንደሚያደርግልኝ ነገረኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እንዳመነታሁ አልደብቅም። ቀኑን በሥራ ውሎ ማታ የሚማር ሰው ምን ያህል እንደሚደክም የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ስሕተት ያዳነኝ ባልደረባዬ ነው፤ የራሱን ጽሑፍ ሊያስጠርዝ በሄደበት ቤት እትዬን ማግኘቱን ነግሮኝ «ሂድና አንድ ሰዓት ብቻ አነጋግራቸው» አለኝ።

እትዬ ወረቀቴን ተቀብለው ርዕሱን አንድ ጊዜ አነበቡና ገልብጠው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይህን የሚመልስልህ ሰው ማን ነው?» አሉኝ።

«ነጋዴው ነዋ፣ እትዬ።»

«የትኛው ነጋዴ? የመርካቶ አስመጪ ነው ወይስ እታች በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው?»

«ሁለቱም።»

«ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል? ደግሞስ ‹ተጽእኖ› ስትል ምን ማለትህ ነው? ትርፉ ጨመረ ነው? ደንበኛው በዛ ነው? ሌባ ቀነሰ ነው? ክፍያው ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሒሳቡንስ ከየት ታገኘዋለህ?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም፤ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙረው አንድ የኬንያ ጥናት አሳዩኝ። ኤም-ፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ የማስተላለፊያ አገልግሎት በኬንያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች አገልግሎቱ በቤተሰቦች ኑሮ ላይ ያመጣውን ለውጥ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። አገልግሎቱ 194 ሺህ ያህል አባወራዎችን፣ ማለትም ከኬንያ አባወራዎች 2 በመቶ የሚሆኑትን፣ ከድህነት እንዳወጣ ገምተዋል። እትዬ ግን ውጤቱን አልፈው ጣታቸውን ያሳረፉት መረጃው የተሰበሰበበት መንገድ ላይ ነበር፤ እነዚያኑ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2014 ድረስ በአምስት ዙር እየተመላለሱ ነው የጠየቋቸው። «አንተ የጠየቅኸው የእነዚህን ሰዎች ጥያቄ ነው፤ ያለህ ጊዜ ግን ስድስት ወር፣ ረዳትህም አንተው ራስህ ነህ» አሉኝ። አማካሪዬ ሦስት ጊዜ የጻፈው «ሰፊ ነው» ትርጉሙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስፋቱ የጉዳዩ ብቻ ሳይሆን፣ ጥያቄው የሚጠይቀው ማስረጃ እኔ ከምችለው በላይ መሆኑ ነበር።

ቀጥሎ ያስረዱኝ በጉዳይ፣ በርዕስና በጥያቄ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ጉዳይ እንደ ክፍለ ከተማ ነው፣ ርዕስ እንደ ሰፈር ነው፣ የጥናት ጥያቄ ግን የቤት ቁጥር ነው አሉኝ። በአዲስ አበባ በቤት ቁጥር ብቻ ቤት ያገኘ ሰው እንደሌለ ብነግራቸው ሳቁና «እንግዲያው ምልክት ጨምርበት፤ ‹ከፋርማሲው ጎን፣ አረንጓዴው በር› በል» አሉ። ምልክት ያሉት ማንን፣ የት፣ በየትኛው ጊዜ ውስጥ፣ ስለ የትኛው ድርጊት የሚሉትን ነው። እነዚህ አራቱ ካልተጻፉ ርዕሱ በቃላት ብዛት ቢረዝምም አይጠብም። በእኔ ሦስተኛ ርዕስ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ቃል ጨመርኩ እንጂ ምንም አልቀነስኩም።

የሰጡኝ የመጀመሪያ የቤት ሥራ ከመጽሐፍ ጋር አልተገናኘም። በየቀኑ ምሳ የምበላበትን መንገድ ለአንድ ሳምንት በዓይን እንድመረምርና የገረመኝን ብቻ እንድጽፍ አዘዙኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር አየሁ። ሽሮና ፓስታ የሚሸጡ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ የንግድ መክፈያ ኪው አር ኮድ ተለጥፏል፤ ነገር ግን ሒሳብ ስጠይቅ አስተናጋጇ በካርቶን ላይ በእጅ የተጻፈ የባለቤቱን የግል ስልክ ቁጥር ታሳየኛለች። በአንድ ቤት ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር፤ በአራት ቤት አየሁት። ለእትዬ ሳነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው «ይኸውልህ፣ ጥያቄህ ራሱ ምሳ ጋበዘህ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ሥራ አሰልቺ ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ከከፈልኩት ገንዘብ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያገኘሁበት ክፍል ነው። ጥያቄውን ሌላ ሰው መልሶት እንደሆነ መጀመሪያ ማጣራት ነበረብኝ። እስከዚያ ድረስ ፍለጋ ማለት አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጉግል ላይ ጽፎ ከመጀመሪያው ገጽ የወጣውን ማንበብ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ጥያቄዬን በሦስት ቁልፍ ቃላት እንድከፍለው፣ ለእያንዳንዱም በእንግሊዝኛ ሌሎች ተመራማሪዎች የሚጠቀሙባቸውን ተመሳሳይ ቃላት እንድዘረዝር፣ ሳይነጣጠሉ መፈለግ ያለባቸውን ቃላት በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳስገባ አስተማሩኝ። አንድ ጥሩ ጽሑፍ በጉግል ስኮላር ሲገኝ ደግሞ ሁለት አቅጣጫ እንዳለው አሳዩኝ። ከመጨረሻው የዋቢ ዝርዝር ተነሥቶ ጸሐፊው ወዳነበባቸው የቀደሙ ሥራዎች መሄድ ይቻላል፤ ከሥሩ ያለውን የ«ጠቃሾች» (Cited by) ማያያዣ በመጫን ደግሞ ከእሱ በኋላ ወደተጻፉት መሄድ ይቻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመመረቂያ ጽሑፎች የኤሌክትሮኒክ ማከማቻም እንድፈትሽ ነገሩኝ፤ ጽሑፎቹን ከመጨረሻው ምዕራፍ እንድጀምር ያሳሰቡኝ «ለወደፊት ጥናት» ተብሎ የተተወው ቦታ እዚያ ስለሚገኝ ነው።

ያነበብኩትን በሠንጠረዥ አስጻፉኝ። ማን ጻፈው፣ በየትኛው ዓመት፣ የት፣ ማንን ጠየቀ፣ ምን አገኘ፣ ምን ሳይጠይቅ ቀረ የሚሉ ስድስት ዓምዶች ናቸው። አሥራ አምስት መስመር ስሞላ የመጨረሻው ዓምድ መናገር ጀመረ። ካነበብኳቸው አብዛኞቹ ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል ላይ ተመሥርተው፣ ተጠቃሚው አገልግሎቱን ጠቃሚና ቀላል ሆኖ አግኝቶት እንደሆነ የሚጠይቁ ነበሩ። አገልግሎቱን የተቀበለ ሻጭ በየትኛው መንገድ እንደሚቀበልና ለምን እንደሚመርጠው የጠየቀ ግን በእጄ ከገቡት መካከል አላገኘሁም። በአማካሪዎቻችን ቋንቋ «ክፍተት» የሚባለውና ሁላችንም «በዚህ ርዕስ ላይ የተሠራ ጥናት የለም» ብለን በአንድ መስመር የምናልፈው ነገር በዚህ መልኩ ተቆጥሮ የሚወጣ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ርዕሱ ከጠበበ በኋላ ሌሎቹ ውሳኔዎች በፍጥነት ተከተሉ። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው ዋና መንገድና በቅርብ ቅያሶቹ ላይ ያሉትን ትንንሽ ምግብ ቤቶች ብቆጥራቸው 36 ሆኑ። እኔ እንደ ጓደኞቼ ከጠቅላላው ስንቱን መጠየቅ እንደሚበቃ የሚያሰላውን የያማኔን የናሙና ቀመር ተጠቅሜ፣ 5 በመቶ የስሕተት መጠን ይዤ ባሰላው 33 መጣልኝ። እትዬ ወረቀቱን አይተው «ሦስት ምግብ ቤት ለመዝለል ነው ይህ ሁሉ ሒሳብ?» አሉና ሁሉንም እንድጠይቅ መከሩኝ። ቀመሩ ስሕተት ኖሮት አልነበረም። 400 ቤት ቢኖረኝ ናሙናው 200 ስለሚሆን ግማሹን ድካም ያስቀርልኝ ነበር፤ ለ36 ቤት ግን አያስፈልግም። ጥያቄዬ «ለምን» የሚል በመሆኑም መጠይቅ ብቻውን እንደማይበቃ አስረድተውኝ፣ ለሁሉም አጭር መጠይቅ፣ ለስምንቱ ደግሞ ረዘም ያለ ቃለ መጠይቅ እንዲሆን ወሰንን።

አንድ ነገር ግን እኔ ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ወረቀት ይዞ ስለ ሒሳብ የሚጠይቅ እንግዳ ለምግብ ቤት ባለቤት ከግብር ሰብሳቢ አይለይም። ስለዚህ የቀን ገቢ የሚጠይቁትን ሁለት ጥያቄዎች አስወጡኝ፤ ለጥያቄዬ መልስ አያስፈልጉም ነበርና። የቤቱ ስም እንደማይመዘገብ፣ መልስ መስጠት ግዴታ እንዳልሆነ፣ በማናቸውም ሰዓት ማቋረጥ እንደሚቻል የሚገልጽ አጭር ንባብም በመጀመሪያ ገጽ ላይ አስጻፉኝ። ከመጀመሬ በፊት በሦስት ቤቶች ላይ ሞክሬው፣ «የንግድ መለያ» የሚለውን ቃል ሁለቱ የንግድ ፈቃድ ብለው ስለተረዱት ቀየርኩት።

ለመምረጥ እንዲያመቻችሁ ጉድለታቸውንም ልናገር። እትዬ ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አይነኩም፤ የስታቲስቲክስ ትንተና የሚያስፈልገው ሰው ሌላ ባለሙያ እንዲፈልግ በግልጽ ይነግሩታል። በስልክ አያማክሩም። አንድም ዓረፍተ ነገር ጽፈው አይሰጡም፤ እኔ በነበርኩበት ቀን አንድ ወጣት «ምዕራፍ ሁለትን ብቻ ይጻፉልኝ» ብሎ እጥፍ ክፍያ ቢያቀርብላቸው ሻይ ጋብዘው ሸኙት። ትዕግሥታቸውም ወሰን አለው፤ የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣ ሰው ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ይመለሳል፤ እኔም አንድ ቀን ተመልሻለሁ። ክፍያቸው ለአንድ ሰዓት 300 ብር ሲሆን፣ እኔ በሁለት ወር ውስጥ ሰባት ጊዜ ሄጃለሁ።

እትዬ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። የጸደቀው ወረቀት ላይ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የሚገኙት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን፣ ሐሙስ አይገቡም። ስትሄዱ ርዕሳችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ በሌላ ገጽ ደግሞ ጥያቄያችሁን ማን ሊመልስላችሁ እንደሚችል ጽፋችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ሁለተኛውን ገጽ ነው።